በሚስማር ለተጫረችው መኪናሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ጠዋት ስትወጪ መኪናሽ ከፊት ፓራፋንጎ እስከ ኋላ በር በሚስማር ተጭራ አገኘሻት። ላስቀባት ወይስ ፖሊስ ጋ ልሂድ ብለሻል። የግቢውን ጥበቃ እንደጠረጠርሽም ጽፈሻል። እኔም ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ባቆምኳት ሲልቨር ቪትዝ ላይ ይኸው ደርሶብኛል፣ ያውም ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው ላይ ያልተሳሳትኩት ነገር የለም።

ንዴቴ ሳይበርድ በዚያው ቀን ጋራዥ ወሰድኳት። «ጎኑን በሙሉ እንቀባዋለን» አሉኝ፣ እሺ አልኩ። ደህናውን የፋብሪካ ቀለም ፈግፍገው፣ ስቱኮ ለቅልቀው፣ መንገድ ዳር ከነአቧራው ቀቡት። ሲልቨር ቀለም ውስጡ የብረት ብናኝ አለበት። አረጫጨቱ ትንሽ ከተለየ መልኩ ይቀየራል። ፀሐይ ላይ ስትቆም በሮቿ ከሌላ መኪና የመጡ ይመስሉ ነበር። በዓመቱ ክሊሩ፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ የሚቀባው ግልጽ ሽፋን፣ መላጥ ጀመረ። ጭረቱ እኮ ጥፍር እንኳ የማይዝ ነበር! እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ዛሬ ምንም አታስቀቢ። መጀመሪያ ሳታጥቢያት ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ አንሻት። ከዚያ በደንብ ትታጠብና ጭረቱን በጥፍርሽ አቋርጠሽ ዳስሺው። ጥፍርሽን ካልያዘው፣ ውሃ ሲነካው ደግሞ ከጠፋ፣ የተጎዳው ክሊሩ ብቻ ነው። ጥሩ ፖሊሽ ያወጣዋል። ግን ደጋግሞ ፖሊሽ ማድረግም ጥሩ አይደለም። የፋብሪካ ቀለም ከነፕራይመሩ (ከቀለሙ ሥር ከሚቀባው መነሻ ቅብ) እና ከነክሊሩ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ የ1 ሚሊሜትር አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ማሽኑ አንድ ቦታ ላይ ከቆየ፣ በተለይ የበሩ ጠርዝ ላይ፣ ክሊሩን በልቶ ቀለሙ ላይ ይደርሳል። በነጭ ጋዝ አሽቶ «ጠፋልሽ» የሚልሽ ካለም አትመኚው። ቅባቱ ጭረቱን ሞልቶ ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ተመልሶ ይታያል።

ጭረቱ ውስጥ ነጭ ወይም ግራጫ መስመር ካየሽ ፕራይመሩ ላይ ደርሷል። የሚያብረቀርቅ ብረት ከታየሽ ግን ክረምት ሳይገባ መሸፈን አለበት፣ ይዝጋል። ያኔም ቢሆን ጎኑን ሁሉ ማስቀባት ግድ አይደለም። እኔ በሁለተኛው ጊዜ ጭረቱን በአልኮል አጽድቼ፣ በቀጭን ብሩሽ ቀለሙን ስስ ስስ እያደረግኩ በየመሃሉ እያደረቅኩ ሞላሁት። ከዚያ በቁጥር 2000 የብርጭቆ ወረቀት በውሃ ቀስ ብዬ አስተካክዬ ፖሊሽ አደረግኩት። ቀርቦ ላየው ይታያል፣ ከሁለት እርምጃ ግን አይታይም። ቀለሙን በዓይን ግምት አታስቀላቅይ። ቶዮታ ከሆነች ኮፈኑ ውስጥ ወይም የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ያለችውን ሳህን እይ። ሲ/ቲአር (C/TR) ከሚለው ጎን የቀለሙ ኮድ አለ። የእኔ 1ኤፍ7 ነበር።

ስለ ጥበቃው ግን እለምንሻለሁ፣ ቸኩለሽ አትናገሪ። እኔ አባቴ በሚሆኑ ሰው ላይ ግቢ ሙሉ ሰው እያየ ጮህኩባቸው። በኋላ ስሰማ ያን ሌሊት ተረኛ እንኳ አልነበሩም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ እሳቸውም እግዜር ይቅር ይበልህ አሉኝ። ፊታቸው ግን ከዓይኔ አልጠፋም። ማን እንደጫራት እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

በሁለተኛው ጊዜ በዚያው ቀን ከበሩ ፊት ለፊት ያለውን ሱቅ ካሜራ እንዲያሳዩኝ ለመንኩ። ቀረጻው በላዩ ላይ ሌላ እየተቀዳበት ስለሚጠፋ አትዘግዪ። የጎረቤት ልጅ ሆኖ ተገኘ፣ የአሥራ አራት ዓመት። ጣቢያ ሄጄ አስመዘገብኩ። ሆን ብሎ የሰው ንብረት ማበላሸት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 689 ያስቀጣል። በግል አቤቱታ የሚታይ ነው፤ አንቺ ካላመለከትሽ ማንም አይከስልሽም። ማመልከቻው ደግሞ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ለካሳው የፍትሐ ብሔር ሕጉም አለ፣ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላጠፋው ወላጁን ይጠይቃል። እኛ ግን ፍርድ ቤት ድረስ አልሄድንም። የብሎኩ ሽማግሌዎች አስቀመጡን፣ አባትየው የጥገናውን ከፈለ፣ ተፈራረምን። ልጁ የተናደደው ኳስ ከሚጫወቱበት ቦታ ላይ ስለማቆም ነበር። አሁን ሌላ ቦታ ነው የማቆመው።

ኢንሹራንስሽ የሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ የራስሽን መኪና አይሸፍንም። ሙሉ ሽፋን ካለሽ ውሉን አንብቢና ሳታሠሪ አሳውቂያቸው። የፖሊስ ማስረጃ ሊጠይቁሽ ይችላሉ፣ ከራስሽ የምትከፍዪው ድርሻም ይኖራል። ጭረቱ ትንሽ ከሆነ ያ ድርሻ ከጥገናው ሊበልጥ ስለሚችል አስቢበት።

የመኪናሽን ቀለም አልጻፍሽም። ጭረቱን ደረቅም እርጥብም እያለ አንስተሽ ሁለቱንም ፎቶ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ ማታ አየዋለሁ።