«አናሳ» ወይስ «አናሳ የተደረጉ»?

ጥያቄ፦ በትምህርት አመራር የሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። በአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርት ውስጥ ስላለው ፍትሐዊነት ሳነብ የፕሮፌሰር ኤስቴላ ማራ ቤንሲሞን ስም በተደጋጋሚ ያጋጥመኛል። ብዙ ጸሐፊዎችም «አናሳ ተማሪዎች» ማለትን ትተው «አናሳ የተደረጉ ተማሪዎች» ይላሉ። ልዩነቱ የቃል ብቻ ነው? የምሁሯ ሥራስ በተግባር ምንድን ነው?

መልስ፦ ከቃሉ እንጀምር። በካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች (የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጆች) በቁጥር ከሁሉም የሚበልጡት ላቲኖ፣ ማለትም የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ናቸው፤ ሆኖም ትምህርታቸውን ከዳር በማድረስ ረገድ ከነጭ ተማሪዎች ወደኋላ ሲቀሩ ኖረዋል። ብዙ ሆነው ሳለ «አናሳ» መባላቸው ቃሉ የሚናገረው ስለ ቁጥር ሳይሆን ስለተሰጣቸው ስፍራ መሆኑን ያሳያል። በዚህ ረገድ አማርኛችን ዕድለኛ ነው፤ «ተደረጉ» ሲባል የሰማ ሰው «ማን አደረጋቸው?» ማለቱ አይቀርምና።

ቤንሲሞን በይበልጥ የሚታወቁት ይህንኑ ጥያቄ ከተማሪው አንሥተው ወደ ተቋሙ በማዞራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የከተማ ትምህርት ማዕከልን አቋቋሙ፤ የድርጅት ሥራ በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በሌሎች መለኪያዎችም ከሚመዘንበት ከቢዝነሱ ዓለም ሚዛናዊ ስኮርካርድ ሐሳብ ተነሥተውም «የፍትሐዊነት ስኮርካርድ» የተባለውን አሠራር ከባልደረቦቻቸው ጋር አዘጋጁ። አሠራሩ የውጭ አጥኚ መጥቶ ሪፖርት ጽፎ እንዲሄድ አያደርግም፤ የኮሌጁ መምህራንና አስተዳዳሪዎች ራሳቸው ቡድን መሥርተው የተቋማቸውን መረጃ በዘር ከፋፍለው እንዲያነቡ ያደርጋል።

መከፋፈሉ ለምን እንደሚያስፈልግ በምሳሌ እንመልከት። አንድ የሒሳብ መምህር ካስተማራቸው 40 ተማሪዎች 28ቱ አለፉ እንበል። 70 በመቶ ማለት ነው፤ ማንንም አያስደነግጥም። ከ40ዎቹ 12ቱ ላቲኖ ቢሆኑና ከእነርሱ ያለፉት 5 ብቻ ቢሆኑ ግን ከቀሩት 28 ውስጥ 23ቱ አልፈዋል ማለት ነው፤ አማካዩም ሁለት የተለያዩ ክፍሎችን ሸፍኖ ኖሯል። እዚህ ላይ የተለመደው መልስ «መሠረታቸው ደካማ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። ቤንሲሞን እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ጉድለትን ከተማሪው ላይ የሚፈልግ አስተያየት ከፍትሐዊነት አስተያየት ለይተው ያሳያሉ። በሁለተኛው አስተያየት የሚያይ መምህር ተማሪዎቹ በስንተኛው ሳምንት እንደጠፉ፣ ሲጠፉም ማን እንደፈለጋቸው ይጠይቃል።

ምርመራው እስከ ኮርስ መግለጫው ድረስ ይወርዳል፤ ለእኔ ከሥራው ሁሉ ብርቱው ክፍል ይህ ነው። «የቢሮ ሰዓት» የሚለውን ሐረግ ይውሰዱ፤ መምህሩ ተማሪዎችን ለማነጋገር ቢሮው የሚቀመጥበት ሰዓት ማለት ነው። ከቤተሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ የገባ ተማሪ መምህሩ ሥራ ስለሚበዛበት እንዳይረበሽ የተጻፈ ሊመስለው ይችላል። ሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት ስለደረሳቸው እኩልነት ተጠብቋል፤ ወረቀቱ የሚናገረው ግን ቋንቋውን አስቀድመው ለሚያውቁት ብቻ ነው።

ችግሩ ከተቋሙ ሊመነጭ እንደሚችል የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎችም ተረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኤቢ 705 የተባለው ሕግ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች በመመደቢያ ፈተና ላይ ብቻ ተመሥርተው ተማሪን ከዩኒቨርሲቲ ደረጃ ትምህርት በፊት በሚወሰዱ የማካካሻ ኮርሶች ሰንሰለት ውስጥ ማስገባታቸውን አስቀርቶ የሁለተኛ ደረጃ ውጤቱን እንዲያዩ አዘዘ። ተማሪዎቹ ያው ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያልፉት በእጅጉ ጨመሩ።

እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቅበላ ጊዜ ዘርን ከግምት ማስገባትን መከልከሉ ይህን ሥራ ዋጋ አላሳጣውም፤ የቤንሲሞን ትኩረት በይበልጥ ተማሪው ከገባ በኋላ በሚደርስበት ላይ ነውና። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ አሠራሩ በመምህራን በጎ ፈቃድ ላይ እጅግ ይደገፋል። ቁጥሩን አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ የኮርስ መግለጫውን እንደነበረ በሚቀጥለው ዓመት የሚያድልን መምህር ስኮርካርዱ ብቻውን አያስገድደውም። ለመመረቂያ ጽሑፍዎ ርእስ እየፈለጉ ከሆነ፣ ቡድኑ ስብሰባውን ከጨረሰ በኋላ በክፍል ውስጥ የተለወጠውንና ያልተለወጠውን ቢከታተሉ እመርጣለሁ።