ለጋራዥ ልጆች፣ ስለ ባለ አዝራሩ የእጅ ፍሬን

ሰሞኑን ኮምቦልቻ የምትማር አንዲት የአውቶ መካኒክ ተማሪ ጥያቄ ላከችልኝ። «ጋሼ፣ የእጅ ፍሬኑ በአዝራር የሚሠራ መኪና የኋላ ፍሬን ሸራ ሲቀየር ኮምፒውተር የግድ ነው? የምለማመድበት ጋራዥ ባለቤት አያስፈልግም ይላል፤ እኔ ግን እጄ አልደፍር አለኝ» ትላለች። በሁለት መስመር መልሼላት መተኛት እችል ነበር። ነገር ግን ደሴ ውስጥ የማውቀው አንድ ልጅ ትዝ አለኝና እንቅልፍ ነሳኝ።

ልጁ የኩታበር ሰው ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቶ እኔ ተቀጥሬ በምሠራበት ጋራዥ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። ቀጭንና ዝምተኛ ነበር። ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ እርሱ የተጣለ ካርቡራተር ፈትቶ ይገጣጥማል። አንድ የክረምት ጠዋት፣ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ግቢያችን ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሳለ፣ ለቅሶ ወደ ወልድያ የሚቸኩል ሰው ቮልስዋገን ፓሳት ይዞ መጣ። የኋላ ፍሬኑ ይጮኻል፤ ሸራው አልቆ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው። የጋራዡ ባለቤት «ለልጁ ስጡት፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው» አለ።

ልጁ ጎማውን ፈትቶ ሸራውን በሚይዘው ካሊፐር አጠገብ ቁጢጥ አለና ዝም አለ። ከካሊፐሩ ጀርባ ሽቦ የገባባት ጥቁር ሣጥን ተለጥፋለች፤ ካቦ ግን የለም። በዚያ ዘመን እኛ የምናውቀው የእጅ ፍሬን ማንሻ አለው፤ ማንሻው ካቦ ይስባል፣ ካቦው ፍሬኑን ያስይዛል። «ይህቺ ምን ትሠራለች?» ብሎ ጠየቀ። ባለቤቱ ሳቀ። «ፍሬን ፍሬን ነው፤ ይልቅ ፒስተኑን መልሰው!» ፒስተን ካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ ሸራውን የሚገፋው ብረት ነው፤ አዲስ ሸራ እንዲገባ ወደ ኋላ ይመለሳል። ልጁ በሞርሳ ጥቂት ገፋና አቆመ። «ጋሼ፣ ከኋላ የያዘው ነገር አለ» አለ። ልክ እንዲህ ነው ያለው፤ ዛሬም ድምፁ በጆሮዬ አለ። ባለቤቱ ተቆጥቶ ራሱ መጣ፣ በሞርሳው እጀታ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰካና በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ ፒስተኑም ገባ። «አየህ?» አለው።

ሸራው ተቀየረ፣ ጎማው ታሰረ። አዝራሩን ሲነኩት ግን በቀኝ በኩል ጥቁሯ ሣጥን ውስጥ ያለው ነገር እየጮኸ ይዞራል እንጂ ምንም አይዝም። ክሩስኮቱ ላይ ቢጫ መብራት በርቶ ቀረ። ባለመኪናው ለቅሶውን በአውቶቡስ ሄደ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ካሊፐር ዋጋ ከማን ይቆረጥ ሲባል ከልጁ ተባለ! ቧንቧውን የሰካው ማን እንደሆነ ግቢው ሁሉ አይቷል። በዕድሜ ትልቁ እኔ ነበርኩ፤ አንዲት ቃል ብናገር ይሰሙኝ ነበር። ልጁ አልተከራከረም፤ ወር ሳይሞላው ቱታውን አጥቦ፣ አጣጥፎ አስረከበ። በኋላ በአፋር በኩል ወደ ሳዑዲ ለመሻገር ተነሣ ሲባል ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው አልደረሰኝም።

ልጁ የጠየቀውን ያን ቀን የሚመልስለት አልነበረም፤ እኔም አላውቀውም ነበር። ጥቁሯ ሣጥን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ናት። በውስጧ ጥርሶች አሉ፤ ጥርሶቹ ከፒስተኑ ኋላ ያለ ብሎን ያዞራሉ፤ ብሎኑ ላይ ያለው ዳዶ ወደ ፊት እየሄደ ፒስተኑን ይገፋና ሸራውን ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ ያጣብቃል። ፍሬኑ ሲለቀቅ ዳዶው ጥቂት ብቻ ያፈገፍጋል። ሸራው ባለቀ መጠን ደግሞ ዳዶው ወደ ፊት ተጠግቶ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ፒስተኑን በጉልበት መመለስ፣ ከበር ኋላ ሰው ቆሞ ሳለ በሩን በትከሻ እንደ መግፋት ነው። ያን ቀን የተሰበረው ወይ የብሎኑ ጥርስ ነው ወይ የሞተሩ።

መኪናው «የጥገና ሁኔታ» ውስጥ ይግባ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ የመኪናው ኮምፒውተር ሞተሩን አዝዞ ዳዶውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ያስወስደዋል። አንዳንድ መኪና በአዝራሩና በእግር ፍሬኑ ቅደም ተከተል ብቻ ይገባል፤ አንዳንዱ፣ ያ ፓሳት ጭምር፣ ተማሪዋ ኮምፒውተር ያለችውን የመመርመሪያ ማሽን ይፈልጋል። የራሱ የመኪናው መጽሐፍ የሚለውን ነው መከተል፤ የጎረቤት መኪና ሥርዓት ለአንተ መኪና አይሠራም። ሶኬቱን ነቅሎ ከባትሪ 12 ቮልት በቀጥታ ለሞተሩ የሚሰጥ ብልጥ አይቻለሁ። ኮምፒውተሩ ዳዶው ዳር መድረሱን የሚያውቀው ሞተሩ የሚስበው ኤሌክትሪክ ሲጨምር ነው፤ ያን ጊዜ ያቆመዋል። በሽቦ የሚያዞረው ሰው ግን ይህን አያይም፣ ዳር አስመትቶ ያጣብቀዋል።

ሞተሩ ዳዶውን መልሶ እስኪጨርስ ባትሪው እንዳይደክም ቻርጀር ላይ ይሁን፤ በመካከል ቮልቴጁ ከወደቀ ሥራው ተቋርጦ ይቀራል። ካሊፐሩ ወልቆ ሳለ አዝራሩን ማንም አይንካ፣ መኪና ውስጥም ሰው አይቀመጥ። አንዳንዱ መኪና የራሱ የመኪናው ሞተር ሲጠፋ ወይም በር ሲከፈት በራሱ ፍሬን ይይዛል፤ በዚያ ሰዓት ጣቱ እዚያ ያለ ሰው ወዮለት። ፒስተኑ የሚመለሰው ቀጥ ብሎ፣ ቀስ ተብሎ ነው፤ እንደ ድሮው ካሊፐር እየተሽከረከረ አይገባም። የፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያ ሞልቶ እንዳይፈስ አስቀድማችሁ እዩት፤ የፈሰሰው ቀለም ይበላል። ሁሉም ከታሰረ በኋላ የእግር ፍሬኑ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡት፤ ከጥገና ሁኔታው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብሎን ስለ ማጥበቅ አልጽፍም፤ ያንን የማያውቅ ሰው ፍሬን አይንካ።

ጎማ ሥር ስለሚገባው እንጨት፣ ስለ ታኮ ግን እጽፋለሁ፤ ዳዶው ሲመለስ መኪናው የእጅ ፍሬን የለውምና የፊት ጎማዎቹ ታኮ ይፈልጋሉ። እኔ ሥራ የጀመርኩት በፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ረዳትነት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት፤ በዚህች አጭር መንገድ ግን ሐረጎ የተባለውን ዳገት ተጠማዝዞ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። የተጫነ መኪና ዳገቱ ላይ ሲቆም ረዳቱ ጎማው ሳይንሸራተት ዘሎ ታኮ ማግባት አለበት፤ በግራ እጄ የበሩን እጀታ፣ በቀኝ እጄ እንጨቱን ይዤ ነበር የምጓዘው። እጄ ቀዝቅዞ ጣቶቼ አይታጠፉልኝም ነበር። ሾፌሩ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለምን ብዬ ስጠይቀው በጥፊ ይመልስልኝ ነበር። በጥፊ የተማርነው እኛ፣ ጠያቂ ልጅ ሲመጣ ምን እንደምናደርገው የጠፋን ለዚህ ይሆን? የዛሬዎቹ ደግሞ ታኮ ብሎ ነገር ያሳፍራቸዋል። ያገኙትን ድንጋይ ጎማ ሥር ያደርጉና ሲነሡ አስፋልቱ ላይ ትተውት ይሄዳሉ።

የዛሬ ልጆች ቸኩለዋል። ስልክ ላይ አንድ ቪዲዮ አይቶ ራሱን ባለሙያ የሚል ሞልቷል። እርግጥ ነው፣ ይህን የጥገና ሁኔታ የሚሉትን ነገር መጀመሪያ ያሳየኝ አንድ ልጅ ነው፤ ያውም በስልኩ። ጓንት ማጥለቃቸውንም እወድላቸዋለሁ፤ የእኔ እጅ ዘይት ሲጠጣ ኖሮ ዛሬ ክረምት በመጣ ቁጥር ይሰነጣጠቃል። የሚያናድደኝ ማየታቸው አይደለም፤ የሌላ መኪና ቪዲዮ አይተው ይህኛውን መክፈታቸው ነው።

ባለ አዝራሩ ፍሬን ደግሞ ወደ እናንተ እየመጣ እንጂ እየራቀ አይደለም። ቢኤምደብልዩ በ2001 እ.ኤ.አ. በ7 ሲሪዝ መኪናው ላይ ሲያወጣው የሀብታም ጌጥ መስሎን ነበር። በ2016 ዓ.ም. አገራችን የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል፤ አብዛኛው ማንሻ የለውም። ሁሉም ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የቮልስዋገንን የኤሌክትሪክ መኪና አይዲ 4ን ብትፈቱት ኋላው ዲስክ ሳይሆን እንደ ከበሮ ያለው ታምቡር ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ለጥያቄሽ፦ መኪናው ያለ ማሽን የሚገባበት ሥርዓት በራሱ መጽሐፍ ከተጻፈ ማሽን አያስፈልግሽም፤ ካልተጻፈ ያስፈልግሻል። ለባለቤቱ «ማሽን ካለው ጋራዥ ዳዶውን አስመልሰን እንሥራው» በዪው፤ ከአንድ ካሊፐር ዋጋ ይረክሳል። እምቢ ካለ ስልኩን ስጪኝ፤ እኔ ራሴ እደውልለታለሁ።