መልስ፦ የድሮ ጓደኞችን ፒያሳ የት ልሰብስብ?

ጣይቱ ሆቴል አድርገው። «ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ከፈረሰ ወዲህ ከስንት ዓመት በኋላ የማገኛቸውን ጓደኞቼን የት ልውሰድ?» ላልከው፣ ከፒያሳ ሳትወጡ ብዙ ሆናችሁ ተቀምጣችሁ የምታወሩበት እሱ ነው። በ2007 ቃጠሎ ቢደርስበትም ዋናው ቤት አለ፤ የእንጨቱ ወለል ሲረገጥ ዛሬም ሲጥ ሲጥ ይላል።

ቡና የሚጠጣበትን ቶሞካን ለመነሻ ካልሆነ ተወው። እዚያ ማኪያቶ የሚጠጣው ቆሞ ነው፤ አንዱ ወሬ ሲጀምር ሌላው ተገፍቶ በሩ ጋ ደርሷል።

1. እሁድ 9 ሰዓት ላይ ምኒልክ ሐውልት ጋ ተቃጠሩ። «ያ ኬክ ቤት አጠገብ» ብለህ አትቅጠር፤ በ2016 ብዙው ስለፈረሰ ከውጭ የመጣው ይጠፋብሃል።

2. ከዚያ ወደ ጣይቱ በእግር ውረዱ። «እዚህ ጋ እኮ ሥጋ ቤቱ ነበር»፣ «ኧረ ባክህ፣ ፎቶ ቤቱ ነው!» የሚለው ክርክር ወሬውን ይከፍትላችኋል። «ሥራ እንዴት ነው?» እየተባባሉ ከመተፋፈር ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ ሂሳብ። የእኛ ሰው ሂሳብ ላይ መሟገት ይወዳል። እኛ ጋ አንዱ «ስልክ ላናግር» ብሎ ይወጣና ካሸሩ ጋ ከፍሎ ይመለስ ነበር። ለጋስነቱ ጥሩ ነው፤ ግን ሥራ ያቆመው ጓደኛችን በሚቀጥለው «አልተመቸኝም» አለ፣ ከዚያም ስልክ ማንሳት ተወ። ስለዚህ ገና ስትደውልላቸው «ሁሉም የየራሱን ይከፍላል፣ ቡና ብቻ ነው» በላቸው። እጁ ያጠረውን ለብቻው አስቀድመህ አናግረው።