«7.62 ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም

«ጅብ በጎቼን ፈጀብኝ። ዋጋው የማይጎዳኝ ግማሽ አውቶማቲክ ልይዝ ነው፤ ሲሞኖቭ ይሻለኛል ወይስ ኤም ዋን?» ያልከው የመንዙ ወንድሜ፣ ሁለቱም ቃታ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሰው ቀጣዩን ራሳቸው የሚያጎርሱ የድሮ የጦር ጠመንጃዎች ናቸው፤ ሲሞኖቭ የሩሲያ፣ ኤም ዋን የአሜሪካ። ለጊዜው ግን ጠመንጃውን ተወውና ጥይቱን ምረጥ። ጠመንጃ አንዴ ነው የሚገዛው። ጥይቱን ግን ዕድሜ ልክህን ትፈልገዋለህ።

እኔ ያወቅኩት ተሞኝቼ ነው። ከአባቴ የወረስኩት፣ በስሜ የተመዘገበ ኤም ዋን አለኝ። አንድ ዘመዴ «7.62 አይደል የሚጎርሰው?» ብሎ አሥር ፍሬ ይዞልኝ መጣ። ደስ ብሎኝ አንዱን ከአሮጌው ጥይቴ ጎን ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። የመጣው ጫፉ የእኔው አንገት ላይ ቀረ! ለካ 7.62 የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ብቻ ነው፤ ዋናው ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ነው፤ የቀለሁ (ባሩዱን የያዘው ቤት) ቁመት በሚሊ ሜትር። ሲሞኖቭ 7.62 በ39 ነው። ኤም ዋን 7.62 በ63፣ ፈረንጆቹ ሠላሳ ዜሮ ስድስት የሚሉት። ትንሿ ኤም ዋን ካርባይን ደግሞ 7.62 በ33። ሁሉም «7.62» ይባላሉ፣ አንዱ ግን ለሌላው አይሆንም። በግድ ላጉርስ ካልክ ዓይንህን ልታጣ ትችላለህ።

ኤም ዋንን እወደዋለሁ፣ አልዋሽም። ቃኘው ሻለቃ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ ላይ የተዋጋበት ጠመንጃ ነው። ግን ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ትከሻም ይደልቃል። ስምንቱን ጥይት አንድ ላይ የሚያቅፈው ብረት ከጠፋብህ ደግሞ አንድ አንድ እያጎረስክ ነው የምትተኩሰው። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ጉልበቱ ነው። በረትህ አጠገብ በሠላሳ ርምጃ ለቆመ ጅብ ያ ሁሉ ምን ያደርጋል? ጅቡን አልፎ የጎረቤት ቤት ሊገባ ነው። የሲሞኖቭ ጥይትም ቢሆን ሩቅ ይሄዳል፣ ከጅቡ ኋላ ምን እንዳለ ሳታይ ቃታ አትሳብ።

ስለዚህ የእኔ ምክር ሲሞኖቭ ነው። አሥር ይጎርሳል፣ ቀለል ይላል፣ የብዙዎቹ አፈሙዝ ውስጡ ክሮም የተቀባ ስለሆነ ቶሎ አይዝግም። እዚህ ጣርማ በር ጉም ሲወርድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የድሮ ወታደራዊ ጥይት ሲተኮስ ጨው ይተዋል፤ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። አንድ ክረምት ላይ ኤም ዋኔን ተኩሼበት ሳላጥበው አስቀምጬው፣ በሦስተኛው ቀን ውስጡ እንደ በርበሬ ቀልቶ ጠበቀኝ። ከተኮስክ በዚያው ማታ የፈላ ውኃ አሳልፍበት፣ አድርቅ፣ ዘይት ቀባው። ሲሞኖቭ ሲሆን የጥይቱን ቂጥ የሚመታውን መርፌም አትርሳ። ግራሶ ከያዘው ወደፊት እንደወጣ ይቀርና ቃታ ሳትስብ ሊተኩስ ይችላል። ጠመንጃውን ነቅነቅ ስታደርገው መርፌው ቀጭ ቀጭ ማለት አለበት።

ፈቃዱን ግን አስቀድም፤ የጦር መሣሪያ አዋጁ ቁጥር 1177/2012 ቀልድ አያውቅም። ደግሞ በግ በላ ብለህ የጓሳን ቀይ ቀበሮ እንዳትመታ፤ እሱ የሚኖረው በአይጥ ነው።

ጥይት ሲሰጡህ «ያው ነው» የሚለውን አትስማ። ማስመሪያ ያዝ። የእርሳሱን ጫፍ ሳትጨምር ቀለሁን ብቻ ለካ፤ 39 ሚሊ ሜትር ካልሆነ መልሰህ ስጣቸው።