«ግልጽ ፈጠራ» ወይስ «ክፍት ፈጠራ»?

ጥያቄ፦ የምሠራው የአፈር እርጥበት መለኪያ በሚያመርት አነስተኛ የቴክኖሎጂ ድርጅት ውስጥ ነው። አዲሱን ምርት የምናዘጋጀው ከተመራማሪዎች፣ ከገበሬዎችና ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ሐሳብ እየተለዋወጥን ነው። ለባንክ በምናቀርበው ሰነድ ላይ ባልደረባዬ ይህን በእንግሊዝኛ «open innovation» የሚባለውን አሠራር «ግልጽ ፈጠራ» ብሎታል፤ «ግልጽ ጨረታ» እንደሚባለው። እኔ ደግሞ «ክፍት ፈጠራ» ባይ ነኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ የባልደረባዎ ምሳሌ መልካም ነው፤ «ግልጽ» ከጨረታ ጋር ቦታውን አግኝቷል። ከ«ፈጠራ» ጋር ሲገጥም ግን ነገር ይበላሻል። ፈጠራ አዲስ ነገር መሥራትም፣ ያልሆነውን ሆነ ብሎ ማውራትም ነውና። «የተወራው ሁሉ ፈጠራ ነው» ስንል ውሸት ነው ማለታችን ነው። «ግልጽ ፈጠራ»ን የሚያነብ የብድር ባለሙያ ቀድሞ የሚታሰበው ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።

«ክፍት» ከዚህ ያመልጣል፤ ነገር ግን ማንም ገብቶ የሚወስደው ንብረት ያስመስላል። በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የአስተዳደር ምሁር ሄንሪ ቼስብሮ ያስተዋወቁት ሐሳብ ይህ አይደለም። ድርጅቱ ከውጭ ሐሳብ ይቀበላል፣ ራሱ ያልተጠቀመበትንም ለሌላ ያስተላልፋል፤ ብዙ ጊዜም በውልና በክፍያ። በ2005 እ.ኤ.አ. በጣሊያኗ ኢቭሬያ የተጀመረው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አምራች አርዱይኖ እንኳ የሰሌዳውን ንድፍ ማንም እንዲሠራበት ሲለቅ፣ ስሙን በንግድ ምልክትነት ለራሱ አስቀርቷል። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 123/1987 «ፈጠራ»ን ከፓተንት መብት ጋር ስላያያዘው፣ «ክፍት ፈጠራ» ለሕግ ሰው መብቱ የተለቀቀ ሥራ ሊመስለው ይችላል።

ስለዚህ «ክፍት የፈጠራ አሠራር» ይበሉ። «አሠራር» ስትጨመር የተከፈተው የሥራው መንገድ እንጂ ንብረቱ እንዳልሆነ ይታወቃል። «ክፍት ኢኖቬሽን» የሚሉትንም አልቃወምም፤ ቃሉ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ስም ሳይቀር ገብቷል።

ከስያሜው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግሡ ነው። «ሐሳብ ተጋራን» ብቻ ብለው አይለፉ። ሐሳቡን ሰጣችሁ፣ ተቀበላችሁ ወይስ ተስማማችሁበት? «የመለኪያውን ንድፍ ከዩኒቨርሲቲው በፈቃድ ወሰድን፤ የገበሬዎችን አስተያየት በማሳቸው ላይ ተቀበልን፤ ሶፍትዌሩን ለሌሎች በክፍያ እንሰጣለን» ብለው ይጻፉ። ባንኩ የሚፈልገው ማን ለማን ምን እንደሰጠ ነው፤ ያንን ደግሞ «ተጋራን» አይነግረውም።