መልስ፦ አንድ ተጎጂ ብቻውን ከሶ ምን ያመጣል?

ወንድሜ፣ «በአየር ንብረት ጉዳይ አንድ ተጎጂ ብቻውን ከሶ ምን ያመጣል?» ብለሃል። በአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት መንገዱ ጠባብ ነው። መንግሥታቸው የአየር ንብረት ለውጥን ለመከላከል በቂ አላደረገም ብለው የከሰሱትን የስዊዘርላንድ አረጋውያን ሴቶችን እይ። ፍርድ ቤቱ ኤፕሪል 9 ቀን 2024 ለማኅበራቸው ፈረደ። በግላቸው የከሰሱትን አራት ሴቶች ግን «ተጎጂ» ብሎ አልተቀበላቸውም። ጉዳቱ በእያንዳንዳቸው ላይ እጅግ የበረታ መሆኑን ማሳየት ነበረባቸው። እኔን ይሄ ያመኛል። በሙቀት የሚታመመው ሰው እንጂ ማኅበር አይደለም።

አንድ የፔሩ ገበሬ ደግሞ አርደብሊውኢ የተባለውን የጀርመን ኃይል አመንጪ ኩባንያ በ2015 ከሰሰ። የኩባንያው ልቀት ምድርን ከሚያሞቀው ብክለት ድርሻ አለው፤ በሙቀቱም በረዶ ቀልጦ ከከተማው በላይ ያለው የበረዶ ግግር ሐይቅ ሞልቶ ቤቱን እንዳይወስድበት ሰግቶ ነው። በ2025 ተረታ፤ አደጋው ለቤቱ ያን ያህል ቅርብ አይደለም ተባለ። ግን ጉዳዩን ያየው በጀርመን የሃም ከተማ ፍርድ ቤት በካይ ኩባንያ በመርህ ደረጃ ሊጠየቅ እንደሚችል አረጋገጠ። ይህን ያስገኘው የአንድ ገበሬ የአሥር ዓመት ሙግት ነው።