ማርሽ ባንድ ከንፈሬን ያበላሽብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ ተቀምጦ በሚጫወት ኮንሰርት ባንድ ፍሬንች ሆርን የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ እጫወታለሁ። ማርሽ ባንድም ልገባ አስቤ ነበር፤ ጓደኞቼ ግን "ከንፈርህ ይበላሻል" ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ የሚያበላሸው ሰልፉ ሳይሆን ጩኸቱ ነው። ማርሽ ባንድ በሚሰለፍበት የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ላይ ድምፅ ስለሚበተን ብዙዎች ማውዝፒሱን (የሚነፋበትን ጫፍ) ከንፈራቸው ላይ ተጭነው ያንባርቃሉ፤ ከንፈር ያብጣል፣ ለስላሳው ድምፅ ይጠፋል። ጉልበቱ ከትንፋሽ ይምጣ።

የፍሬንች ሆርን ድምፅ መውጫ አፍ ወደ ኋላ ስለሚዞር ሜዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚሰጥህ አፉ ወደ ፊት የሚዞረው ሜሎፎን ነው። በቀኝ እጅ ይጫወቱታል፤ ማውዝፒሱም ከለመድከው ይሰፋል። ስለዚህ ከማርሽ ልምምድ በኋላ 10 ደቂቃ በራስህ ሆርን ዝቅ ያሉ ረጃጅም ኖታዎችን በቀስታ ንፋ። ይህን የሚዘሉት ናቸው ኋላ የሚያማርሩት።

ትልቁ ትርፍ ምት መጠበቅ ነው። የተለመደው አካሄድ በ5 ያርድ 8 እርምጃ ነው፤ አንዱ 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ተረከዝ ቀድሞ ያርፋል፣ እግር ወደ ጣት ይንከባለላል፤ እርምጃህ ከከበደ ንዝረቱ ከንፈር ደርሶ ኖታው ይንቀጠቀጣል። ሜዳው 100 ያርድ ስለሚረዝም የአንዱ ጫፍ ከበሮ ሌላው ጫፍ የሚሰማው ሩብ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ጆሮህን ካመንክ ወደ ኋላ ትቀራለህ፤ የመሪውን እጅ እይ።

የድምፅ ቅኝትንና እርስ በርስ መደማመጥን ግን የሚያስተምርህ ኮንሰርቱ ነው። ሰዓት ከተጋጨብህ እሱን አትልቀቅ።